ኮሪያን ከደብረ ወርቅ ሆነን ስናያት

የጎጃምን ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ምድሪቱን በሦስት ወገን ሲከብባት ታያላችሁ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ወርቅም በዚሁ የዓባይ እቅፍ ውስጥ ናት። በስተ ምሥራቋ የዓባይ ሸለቆ፣ በስተ ምዕራቧ የጮቄ ተራራ አለ። የአካባቢው ሰው ወደ ሸዋ፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጎንደር ልሂድ ቢል ዓባይን ሳይሻገር አይሆንለትም።

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ አገርም በሦስት ወገን የተከበበች ናት። እርሷን የከበባት ግን ወንዝ ሳይሆን ባሕር ነው። በምሥራቅ፣ በምዕራብና በደቡብ ባሕር፤ በአራተኛው በኩል ደግሞ የሽቦ አጥርና የተቀበረ ፈንጂ። ስሟ ደቡብ ኮሪያ ይባላል። ሩቅ ምሥራቅ ያለች አገር ብትሆንም ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ከአገራችን የሄዱ ጎልማሶች ደማቸውን ያፈሰሱባት ምድር ናት። እስቲ አብረን እንያት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፋቷና ሕዝቧ

ደቡብ ኮሪያ 100 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላት። ይህ የአማራ ክልልን ሁለት ሦስተኛ ቢያህል ነው። ኢትዮጵያ ከአሥር እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። በዚህች ጠባብ ምድር ላይ ግን ከ51 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። ከዚህ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የተከማቸው በዋና ከተማዋ በሴኡል፣ በወደብ ከተማዋ በኢንቾንና በዙሪያቸው ባለው ክፍለ ሀገር ነው። ስለዚህ ከሴኡል ራቅ ብሎ ወደ ገጠሩ የሚጓዝ ሰው መንደሩ ጭር ብሎ፣ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ቀርቶበት ሊያገኘው ይችላል። ወጣቱ ወደ ከተማ ነጉዷል።

አገሪቱ ተራራማ ናት። ከመሬቷ 70 በመቶ ያህሉ ተራራና ኮረብታ ነው። የቴቤክ ተራሮች በምሥራቁ ጠረፍ በኩል እንደ ጀርባ አጥንት ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተዋል። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ወንዞች የሚፈስሱት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ነው። የሃን ወንዝ ሴኡልን ለሁለት ከፍሎ ወደ ምዕራቡ ባሕር ይገባል። የናክዶንግ ወንዝ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ቡሳን አጠገብ ባሕር ይቀላቀላል። ለእርሻ የተመቸው ሜዳ ያለውም በምዕራብና በደቡብ ነው፤ ሩዙም የሚበቅለው በብዛት እዚያው ነው።

ይሁንና ተራራ ስንል እኛ የለመድነውን ዓይነት አታስቡ። የደቡብ ኮሪያ ከፍተኛው ተራራ ሃላ ሲሆን ቁመቱ 1,947 ሜትር ነው። ቢቸናና ሞጣ የተቆረቆሩት ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የቢቸና ገበያተኛ ሜዳው ላይ ቆሞ በርበሬ ሲያስመዝን ከደቡብ ኮሪያ ተራሮች ሁሉ በላይ ቆሟል ማለት ነው! ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄማ ለእነርሱ ከሰማይ የተጠጋ ነው።

የሃላ ተራራ የሚገኘው በደቡብ ባለችው በጄጁ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷ ራሷ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ናት። በዚያ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ያለ አየር መሣሪያ፣ ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው ወደ ባሕር ወለል እየጠለቁ የባሕር ምግብ ይለቅማሉ። ሄንዮ ይባላሉ፤ ሙያቸው በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

ሰዓታችሁን አትንኩ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሴኡል የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይገጥመዋል። ሴኡል ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በስድስት ሰዓት እንለያለን። ሁለቱ ሲደመሩ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ስለዚህ በደብረ ወርቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሴኡል ሰው ሰዓቱን ቢያይ ሦስት ሰዓት ይላል፤ ለእርሱ ግን ከቀትር በኋላ ነው። በአገራችን አቆጣጠር የሞላችሁትን የእጅ ሰዓት ሳትነኩ ብትሄዱ እዚያም በትክክል ይሠራላችኋል።

ዝናሙም ከእኛ ጋር ይገጣጠማል። በጎጃም ክረምት ሲገባ በኮሪያም የዝናሙ ወቅት ይገባል፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሳያቋርጥ ይዘንባል። ልዩነቱ ያለው በበጋችን ነው። እኛ እህል በምንወቃበት በታኅሣሥና በጥር እነርሱ በበረዶ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ቤታቸውን የሚያሞቁት ከወለሉ ሥር ነው። በጥንቱ አሠራር ከማድቤቱ ምድጃ የሚወጣው ጢስና ሙቀት በድንጋዩ ወለል ሥር እያለፈ ቤቱን ያሞቀው ነበር። ይህም ኦንዶል ይባላል። ዛሬ በጢሱ ፈንታ ሙቅ ውኃ በቧንቧ ያልፋል። ሰው በወለሉ ላይ ስለሚቀመጥና ስለሚተኛም ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነው።

አንድ ሕዝብ፣ ሁለት አገር

ኮሪያ ለብዙ ዘመን አንድ አገር ነበረች። ከ1910 እስከ 1945 ጃፓን ቅኝ ገዛቻት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ጃፓን ስትሸነፍ ሶቪየት ኅብረት ከሰሜን፣ አሜሪካ ከደቡብ ገብተው በ38ኛው የኬክሮስ መሥመር ላይ ከፈሏት። በሰኔ 25 ቀን 1950፣ በእነርሱ ወር አቆጣጠር፣ የሰሜኑ ጦር መሥመሩን ጥሶ ወደ ደቡብ ገባ። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በሐምሌ 27 ቀን 1953 በተኩስ አቁም ስምምነት ቆመ። የሰላም ውል ግን እስካሁን አልተፈረመም። ከባሕር እስከ ባሕር የተዘረጋው አራት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነፃ ቀጠና ሁለቱን አገሮች ይለያቸዋል። ወንድም ከወንድሙ፣ እናት ከልጇ ሳይገናኙ ያረጁ ብዙዎች ናቸው።

ቃኘው

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን ለእርዳታ ሲጠራ ኢትዮጵያ እግረኛ ጦር ላከች። ከክብር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ ወር 1943 በእኛ አቆጣጠር ነው። ሻለቃው ቃኘው የተባለው በልዑል ራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ወታደሮቹ በባቡር ጅቡቲ ደርሰው፣ ከዚያ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ቡሳን ወደብ ወረዱ። አብዛኞቹ ባሕር አይተው የማያውቁ፣ በረዶም በእግራቸው ረግጠው የማያውቁ የደጋና የወይና ደጋ ልጆች ነበሩ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ፣ በሰሜን ምሥራቁ ተራሮች መካከል ተዋጉ።

የተኩስ አቁሙ እስከ ተፈረመበት ጊዜ ድረስ 3,518 ኢትዮጵያውያን በውጊያው ተሰልፈዋል። ከእነርሱ 122ቱ ሕይወታቸውን ሰጡ፤ 536ቱ ቆሰሉ። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። እሳቱ ከበረደ በኋላም ሌሎች ሻለቆች ተተክተው ሰላሙን ጠብቀዋል። በ1953 ደግሞ ወታደሮቻችን በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት በዶንግዱቾን ከተማ ማሳደጊያ አቋቁመው ልጆቹን ይመግቡና ያስተምሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ረጂው ኢትዮጵያዊ፣ ተረጂው ኮሪያዊ ነበር።

ቹንቾን የምትባለው ከተማ ይህን አልረሳችም። በሐይቆችና በተራሮች የተከበበች፣ ከሴኡል በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። ቃኘው ከተዋጋባቸው ስፍራዎች አንዱ የእርሷ አካባቢ ስለሆነ በ1968 በዚያ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት ከሐውልቱ አጠገብ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ተከፈተ፤ እስካሁንም የአገራችንን ቡና ያፈላል። በ2007 ደግሞ ጣራው እንደ እኛ ጎጆ ቤት የሾለ የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ ተከፍቷል።

በአዲስ አበባስ? ከኮሪያ ለተመለሱት ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩበት ቦታ እስከ ዛሬ «ኮሪያ ሰፈር» ይባላል። ዘመን ሲገለበጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን ለደቡብ ኮሪያ መዋጋት የሚያስከብር መሆኑ ቀረ፤ ብዙዎቹ ዘማቾች ተረስተው ለችግር ተዳረጉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ የሚታየው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። በአፍንጮ በር ያለው ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ለወደቁት የቆመ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ የተከፈለችው አገር በእኛ ዋና ከተማም በሁለት ሐውልት ተከፍላ ትታያለች።

ፊደላቸውና መጽሐፍ ቅዱስ

ኮሪያውያን እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ሃንግል ይባላል። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 አሰናድቶ በ1446 ለሕዝቡ አወጀው። እስከዚያ ድረስ ይጽፉ የነበረው በቻይና ፊደል ሲሆን፣ ያን ለመማር ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ ተራው ሰው ከንባብ ተገልሎ ነበር። አዲሱ ፊደል 28 ምልክቶች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ 24 ናቸው። ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ተደርበው በአንድ ቤት ይጻፋሉ። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ያም ሆኖ ሊቃውንቱ «የሴቶችና የሕፃናት ጽሕፈት» እያሉ ለአራት መቶ ዓመታት ናቁት።

የተናቀው ፊደል ከፍ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አዲስ ኪዳን በሃንግል ተተርጉሞ በ1887 ታተመ። የመጀመሪያዎቹ የወንጌል መልእክተኞች ገና አገሩን በደንብ ሳይለምዱት መጽሐፉ ቀድሟቸው በእጅ በእጅ ይዞር ነበር። በእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የጎጃም ተወላጅ ነበር። ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት ደክሞበት፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሰው በሚናገረው ቋንቋ ሲያነብ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ሕዝቦች ያውቁታል።

በ1907 በፒዮንግያንግ የተነሣው መነቃቃት በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ፤ ከተማይቱም «የምሥራቅ ኢየሩሳሌም» እስከ መባል ደርሳ ነበር። ዛሬ ያች ከተማ የሰሜን ኮሪያ ዋና ከተማ ስትሆን የእምነት ነፃነት የለም። በጦርነቱ ዘመን ብዙ አማኞች ወደ ደቡብ ተሰደዱ። በ2015 በተደረገው ቆጠራ ከደቡብ ኮሪያ ሕዝብ 20 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 8 በመቶ ያህሉ ካቶሊክ፣ 15 በመቶ ያህሉ ቡድሂስት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «ሃይማኖት የለኝም» ብሏል። የማለዳ ጸሎታቸው የታወቀ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በብርድም ቢሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በአዲስ አበባ ገርጂ ያለውንና ብዙ ሰው «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለውን ሕክምና ቤት በ2004 የከፈተው በዚሁ የማለዳ ጸሎት የታወቀ የሴኡል ቤተ ክርስቲያን ነው።

በማዕዳቸው ዙሪያ

ኪምቺ የሌለበት የኮሪያ ማዕድ የለም። ጥቅል ጎመን በጨው ታሽቶ፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ ይብላላል። ክረምታቸው ሳይገባ ሴቶች ከየቤቱ ተጠራርተው ለወራት የሚበቃ ኪምቺ አብረው ያዘጋጃሉ። የእኛ እናቶች በርበሬ ሲያሰናዱ የሚሆነውን ማየት ነው። በርበሬውም ለእነርሱም ለእኛም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በእርሻውም እንዲሁ ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ እየተባባሉ በተራ የሚሠሩትን ሥራ እነርሱ ፑማሲ ይሉታል፤ የጎጃም ገበሬ ወንፈል ይለዋል።

ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው። ወንዱ ታላቅ ወንድሙን፣ ሴቷ ታላቅ ወንድሟን የሚጠሩበት ቃል እንኳ የተለያየ ነው። «ጋሼ» እና «እትዬ» ብሎ ላደገ ሰው ይህ አይከብደውም። ዕቃ ሲሰጡና ሲቀበሉ በሁለት እጅ ነው፤ ወይም ግራ እጃቸውን ወደ ቀኝ ክንዳቸው አስጠግተው። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ሰው ያየ ይመስለዋል።

ራቁቱን የነበረው ተራራ

አሁን ለደብረ ወርቅና ለአካባቢዋ ሰው በጣም ወደሚጠቅመው ነገር እንምጣ። ዛሬ ኮሪያን በአውሮፕላን መስኮት የሚያይ ሰው ተራራው ሁሉ በደን ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ከመሬቷ ከ60 በመቶ በላይ ደን ነው። የቃኘው ወታደሮች ያዩት ግን ሌላ ነው። ተራራው ራቁቱን ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ተጨፍጭፎ፣ በጦርነት ተቃጥሎ፣ የቀረውንም ሕዝቡ ለወለል ማሞቂያ ማገዶ ቆርጦ ጨርሶታል። ዝናም በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ይወርድና ሩዙን ያጥለቀልቅ ነበር።

ታዲያ እንዴት መለሱት? በ1973 የአሥር ዓመት ዕቅድ አወጡ፤ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ለመትከል። በስድስት ዓመት ጨረሱት። ምሥጢሩ ችግኝ መትከሉ ላይ ብቻ አልነበረም። አንደኛ፣ ሕዝቡ ለማገዶ ደን መቁረጡን እንዲተው ተጨፍልቆ የተዘጋጀ ከሰል በየቤቱ እንዲደርስ አደረጉ። ሌላ ማገዶ ሳይሰጡ «ዛፍ አትቁረጥ» ማለት ዋጋ እንደሌለው ገብቷቸዋል። ሁለተኛ፣ ችግኙን የሚያፈላው መንደሩ ራሱ ሆኖ ከሽያጩም ገቢ ያገኝ ነበር። ሦስተኛ፣ የተቆጠረው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው። ቆጣሪውም የአገሩ ሹም ሳይሆን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነበር፤ የራሱን ሥራ ራሱ እንዳያሞግስ። እርግጥ ነው፣ ጊዜው የወታደር መንግሥት ጊዜ ስለነበር ትእዛዙ የከረረ ነበር። ፍሬውን ግን ልጆቻቸው እየበሉት ነው።

በ1970 የተጀመረው የመንደር ልማት ዘመቻቸውም ያስተምራል። መንግሥት ለየመንደሩ 335 ከረጢት ሲሚንቶ ሰጠ፤ ለግል ቤት ሳይሆን ለጋራ ሥራ እንዲውል ብቻ አዘዘ። አንዳንዱ መንደር ድልድይና የውኃ ጉድጓድ ሠራበት፤ አንዳንዱ ምንም ሳይሠራ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ተጨማሪ ሲሚንቶና ብረት የተሰጠው ለሠራው ብቻ ነበር።

እስቲ ወደ ጎጃም እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ከሩቅ የዛፍ ጥላ ካየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። አባቶች ደጀ ሰላሙን ጠብቀው ስላቆዩት የአገሩ ጥንታዊ ዛፍ በዚያ ተረፈ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። በየክረምቱ ከጮቄ የሚወርደው ውኃ አፈሩን ይዞ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም በ2025 ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይወስደዋል። ለልጆቻችን ጤፍ ሊያበቅል የሚገባው አፈር ነው እየሄደ ያለው። የኮሪያ ገበሬ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተራራውን መመለስ ከቻለ የእኛ የማይቻልበት ምክንያት ምንድር ነው? ወንፈሉ አለን፤ የዛፉ ዘርም በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ተጠብቆልናል።

የብልጽግናው ሸክም

ደቡብ ኮሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ሰው ዓመታዊ ገቢ ከ100 ዶላር የማይበልጥባት ድኻ አገር ነበረች። ዛሬ ከ30,000 ዶላር በላይ ነው። በኪሳችን ያለው ሳምሰንግ ስልክ፣ በመንገዳችን የሚሄደው ሂዩንዳይ መኪና የእርሷ ሥራ ነው።

ነገር ግን ውድ ወላጆች፣ ሌላውን ገጽም ማየት ይገባናል። የኮሪያ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ማስጠኛ ቤት ይገባል፤ ማታ አምሽቶ ይመለሳል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና በሚሰጥበት ቀን የእንግሊዝኛው ማዳመጫ እንዳይረበሽ አውሮፕላን እንኳ አይነሣም፤ አያርፍምም። ብዙ ወጣቶች ትዳርና ልጅ ማሳደግ የማይቻል ሆኖባቸዋል። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጅ ቁጥር 0.72 ነበር፤ ይህም ከዓለም አገሮች ዝቅተኛው ነበር። በየገጠሩ ተማሪ በማጣት የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ። ተራራው በዛፍ ሲሞላ ቤቱ ከልጅ ባዶ ሆነ። የሚቀናበትንና የሚጠነቀቁበትን ለይቶ መውሰድ የእኛ ፈንታ ነው።

ሳይረፍድ

ውድ አንባቢያን፣ ከቃኘው ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሁሉም ዘጠና ዓመትን ያለፉ ወይም የተጠጉ አረጋውያን ናቸው። በቤተ ሰባችሁ፣ በሰፈራችሁ ወይም በቤተ ክርስቲያናችሁ ኮሪያ የዘመተ አባት ካለ፣ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። በረዶው እንዴት እንደነበር፣ ማን አጠገቡ እንደ ወደቀ፣ እነዚያ ሕፃናት ምን ይሉት እንደነበር ጠይቁትና ጻፉት። አባቱ ካለፈም ፎቶግራፉና ሜዳልያው በሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ አውጥታችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ኮሪያውያን በቹንቾን ያቆዩልንን መታሰቢያ እኛ በገዛ ቤታችን ልናጣው አይገባንም።

ቸር ይግጠመን።